«ደህና ነው፣ ተመስገን» እያልን በልጆቻችን ላይ የዘጋነው በር

ፕሌዘንተን፣ ካሊፎርኒያ

እንደሚታወቀው እኛ ኢትዮጵያውያን ሰው «እንዴት ናችሁ?» ሲለን መልሳችን አንድ ነው። ሥራ ቢጠፋም፣ ልጅ ቢታመምም፣ ሐዘን ላይ ብንሆንም «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ይህ የጨዋነትና የእምነት ምልክት ነውና የሚነቀፍበት ነገር የለውም። ዳሩ ግን ይኸው መልስ በሰው አገር፣ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ምን ዓይነት ትርጉም እንደሚያገኝ የተረዳሁት ባለፈው ዓመት ፕሌዘንተን ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ቤተሰብ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጬ ነው።

የቤተሰቡ ልጅ ያኔ 17 ዓመቱ ነበር። ኦቲዝም አለበት፤ የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው። ቤተሰቡ ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁ እናቱን «እናት» ብቻ ብለን እንቀጥል። እናት የጠሩኝ በሳምንቱ የልጁ የአገልግሎት ዕቅድ ስብሰባ ስለነበረና የመጣላቸውን ደብዳቤ እንዳነብላቸው ስለፈለጉ ነው። ከደብዳቤው በፊት ያለፈውን ዕቅድ እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው። ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ፈርመውበታል እንጂ አንብበውት አያውቁም። እያነበብኩ ተረጎምኩላቸው።

«ምግብ፦ ራሱ ይመገባል። እንቅልፍ፦ ችግር የለም። ደኅንነት፦ ቤተሰቡ ስጋት አልገለጸም። ቤተሰቡ ተጨማሪ አገልግሎት አልጠየቀም።»

እናት እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙና «ይሄ የማን ልጅ ነው?» አሉ።

እውነቱ ሌላ ነበርና። ልጁ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አይተኛም። አምልጦ ወደ አውራ ጎዳናው ስለሚሮጥ በሩ ላይ ከፍ ብሎ ሁለተኛ ቁልፍ ተገጥሟል። የሚያጥቡት፣ ጺሙን የሚላጩት፣ ምግቡን ቆራርጠው የሚያቀርቡለት እናቱ ናቸው። አባት ሌሊት ታክሲ ይነዳሉ። እናት ሥራቸውን ከተዉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ታዲያ ወረቀቱን ማን ዋሸበት? ማንም አልዋሸም። ሠራተኛዋ በየስብሰባው «እንቅልፉ እንዴት ነው?» ብላ ጠይቃለች፤ እናትም «ደህና ነው፣ ተመስገን» ብለዋል። ሠራተኛዋ የሰማችውን ጻፈች። በዚህች አገር ደግሞ ያልተጻፈ ችግር የለም ማለት ነው።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሳን ነበር። ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ግቢ የማይመጡ፣ በየሠርጉ የማይታዩ፣ «ቤት ነው ያለው» ተብለው የሚታለፉ ልጆች አሉን። አበው «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። እዚህ ግን ዝም ይነቅዛል፤ የሚነቅዘውም የልጅ መብት ነው።

መብቱ ከየት መጣ?

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ በሚታገሉበት፣ ጥላሁን ግዛው በተገደለበት በ1969 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ካሊፎርኒያ ውስጥም ወላጆች የራሳቸው ትግል ነበራቸው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ የወለደ ቤተሰብ በዚያን ጊዜ የነበረው ምርጫ ሁለት ብቻ ነበር፤ ወይ ያለ ምንም ረዳት ቤት ውስጥ ማሳደግ፣ ወይ ግዛቱ በሚያስተዳድራቸው ትላልቅ ሆስፒታሎች ወረፋ ይዞ ልጁን አሳልፎ መስጠት። ወላጆቹ ተደራጁ፣ ወደ ሳክራሜንቶ ተመላለሱ። በ1966 በሳን ፍራንሲስኮና በሎስ አንጀለስ ሁለት የሙከራ ማዕከላት ተከፈቱ። በ1969 ደግሞ በምክር ቤት አባሉ ፍራንክ ላንተርማን ስም የሚጠራው ሕግ ወጣ፤ የፈረሙትም ያኔ የካሊፎርኒያ ገዥ የነበሩት ሮናልድ ሬገን ናቸው።

በዚያ ሕግ መሠረት ዛሬ በግዛቲቱ 21 ሪጅናል ሴንተሮች አሉ። ፕሌዘንተንን፣ ኦክላንድንና መላውን የአላሜዳና የኮንትራ ኮስታ ካውንቲዎች የሚያገለግለው ዋና መሥሪያ ቤቱ ሳን ሊያንድሮ የሚገኘው የኢስት ቤይ ሪጅናል ሴንተር ነው። የሳን ሆዜ ነዋሪዎች የሳን አንድሪያስ ሪጅናል ሴንተር ተገልጋዮች ናቸው። ሳን ሆዜ አጠገብ የነበረው አግኒውስ የተባለው ትልቅ የመንግሥት ተቋም በ2009 ተዘግቶ ነዋሪዎቹ በየከተማው ቤት እንዲያገኙ ተደርጓል።

የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1985 ወሳኝ ብይን ሰጠ። በሕጉ የተቀመጠው አገልግሎት በጎ ፈቃድ ሳይሆን መብት ነው አለ። የመብቱ መለኪያ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ያለው የግል የአገልግሎት ዕቅድ ነው፤ በተለምዶ «አይ ፒ ፒ» የሚባለው። ልብ በሉ፤ የልጁ መብት የሚለካው በዚያ ወረቀት ላይ በሰፈረው ነው። እናት ሳያነቡ የፈረሙት ወረቀት ያ ነበር።

እዚሁ ቤይ ኤሪያ ሌላም ታሪክ አለ። በኤፕሪል 1977፣ እኛ አገር ቀይ ሽብር ወጣቱን በሚያጭድበት ዓመት፣ ወደ 150 የሚጠጉ አካል ጉዳተኞችና ደጋፊዎቻቸው ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘውን የፌዴራል መሥሪያ ቤት ይዘው ከሦስት ሳምንት በላይ አንወጣም አሉ። የጠየቁት በ1973 የወጣው ሕግ የአካል ጉዳተኞችን መገለል የሚከለክለው አንቀጽ 504 ሥራ ላይ እንዲውል ነበር። ከኦክላንድ የብላክ ፓንተር ፓርቲ አባላት በየቀኑ ትኩስ ምግብ ያመጡላቸው ነበር። በኤፕሪል 28 ደንቡ ተፈረመ። ዛሬ ልጆቻችን የሚገቡበት በር የተከፈተው በልመና ሳይሆን እንዲህ ባለ ትግል ነው።

ከመሄዳችን በፊት

ማን ነው ባለመብቱ? ሕጉ የሚሸፍነው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ ኦቲዝም፣ ሴሬብራል ፖልዚ፣ የሚጥል በሽታ፣ ወይም ከእነዚህ ጋር የተቀራረበ እክል ያለባቸውን ነው። እክሉ ከ18 ዓመት በፊት የጀመረ፣ የማይለቅና የዕለት ኑሮን በእጅጉ የሚያውክ መሆን አለበት። የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ዜግነት አይጠየቅም፤ ካሊፎርኒያ መኖር ይበቃል። «ወረቀታችን ገና ነው» ብላችሁ ቤት የተቀመጣችሁ ወገኖች ይህን አስምሩበት።

ወደ ዝግጅቱ እንምጣ። ከእናት ጋር የጀመርነው በአንድ ባለሃምሳ ገጽ ደብተር ነው። ለሰባት ቀን የሆነውን ሁሉ በአማርኛ እንዲጽፉ ተስማማን። ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ጊዜ ነቃ፣ ማን አብሮት ነቃ፣ ስንት ጊዜ ወደ በር ሮጠ፣ ልብስ ለማልበስ ስንት ደቂቃ ፈጀ። ዋናው ነገር እርስዎ ባይኖሩ ምን ይሆን እንደነበር መጻፍ ነው። ብዙዎቻችን «ይበላል» የምንለው አጠገቡ ቆመን ስለምናበላው ነው። ትክክለኛው መልስ «ሰው ካልቆመለት አይበላም» የሚለው ነው። ይህ ማጋነንም ውሸትም አይደለም፤ የእናትን ድካም ከስውር ወደ ግልጽ ማውጣት ነው።

በሰባተኛው ቀን ደብተሩን ቆጠርነው። እናት በሳምንቱ ውስጥ ከአራት ሰዓት በላይ በተከታታይ የተኙት አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ወደ በር የተሮጠው 11 ጊዜ ነው። «እኔ እኮ የለመድኩት ነገር ስለሆነ ቁጥር ያለው አልመሰለኝም» አሉ።

ቀጥሎ ወረቀት መሰብሰብ ነው፦ የሐኪም ማስረጃ፣ የትምህርት ቤቱ ዕቅድ፣ የመድኃኒት ዝርዝር፣ ያለፈው አይ ፒ ፒ። የትምህርት ቤቱ ዕቅድ «አይ ኢ ፒ» የሚባለውና የሪጅናል ሴንተሩ ዕቅድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ብዙ ወላጅ አያውቅም። የመጀመሪያው በፌዴራሉ የልዩ ትምህርት ሕግ የሚመራና በየዓመቱ የሚገመገም ነው። ትምህርት ቤት ልጃችሁን እንዲመረምር በጽሑፍ ከጠየቃችሁ በ15 ቀን ውስጥ የምርመራ ዕቅድ ሊሰጣችሁ፣ ከፈቀዳችሁ በኋላም በ60 ቀን ውስጥ ስብሰባ ሊጠራ ይገባል። የቃል ጥያቄ ግን ሰዓቱን አያስጀምርም። የሪጅናል ሴንተሩ ዕቅድ ቢያንስ በሦስት ዓመት አንዴ ይታደሳል፤ ነገር ከተለወጠ ግን ሦስት ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ቤተሰቡ በጠየቀ በ30 ቀን ውስጥ ስብሰባ ይደረጋል።

ሦስተኛው አስተርጓሚ ነው። በስብሰባው ቋንቋችሁን የሚናገር ሰው ማግኘት መብት ነው፤ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የልጁን እህት ወይም ወንድም አስተርጓሚ አታድርጉ። የ12 ዓመት ልጅ የእናቷን ለቅሶ ወደ እንግሊዝኛ እንድትመልስ ማድረግ ግፍ ነው፤ ከዚያም በላይ ልጅ እናቷን ላለማሳፈር ስትል ቃል ትዘላለች።

አራተኛው «ሌላው ቢሮ ይስጣችሁ» የሚባለውን ማወቅ ነው። ሪጅናል ሴንተር ገንዘብ የሚያወጣው ትምህርት ቤቱ፣ ሜዲ-ካል፣ የጤና መድንና ካውንቲው መስጠት ያለባቸውን ከሰጡ በኋላ ነው። ስለዚህ አንዱ ቢሮ «አይሆንም» ሲላችሁ እምቢታውን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ያ ወረቀት የሚቀጥለው በር ቁልፍ ነው። በካውንቲው በኩል የሚሰጠው «አይ ኤች ኤስ ኤስ» የተባለው የቤት ውስጥ እንክብካቤ በተለይ ሊታወቅ ይገባል። ያለ ጠባቂ ሊቀር ለማይችል የአእምሮ እክል ላለበት ሰው በወር እስከ 283 ሰዓት ድረስ ሊፈቀድ ይችላል፤ ተከፋይ ተንከባካቢውም ወላጅ ሊሆን ይችላል። እናት ሥራ ፈትተው ስድስት ዓመት በነፃ የሠሩት ሥራ ስምና ክፍያ እንዳለው የሰሙት በዚያ ሳምንት ነው። የሩጫው መዝገብ ያለበት ያ ደብተር ለዚህም ማስረጃ ሆነ።

አምስተኛው የተመለሱትን ነገሮች እንደገና መጠየቅ ነው። ካሊፎርኒያ በ2009 የበጀት ቀውስ ጊዜ እንደ መዋኛ፣ የበጋ ካምፕና የመዝናኛ ፕሮግራም ያሉትን አገልግሎቶች አቁማ ነበር፤ በ2021 መልሳቸዋለች። ለወላጅ እረፍት የሚሰጠው «ሬስፒት» ላይ የተጣለው ገደብም ከ2018 ጀምሮ ተነሥቷል። «ከዚህ በፊት ጠይቀን አይቻልም ብለውናል» የምትሉ ወገኖች መልሱ ተለውጧልና ዳግም ጠይቁ።

በስብሰባው ቀን

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት መታወቅ አለበት። ስብሰባው ደጅ ጥናት አይደለም። ከሹም ፊት ቀርበን ፍርድ የምንጠብቅበት ችሎት አይደለም። በሕጉ ዕቅዱን የሚያወጣው ቡድን ነው፤ ቤተሰቡም የቡድኑ አባል ነው። የፈለጋችሁትን ሰው ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የንስሐ አባት። አብሮ የሚቀመጥ አንድ የሚጽፍ ሰው መኖሩ ብቻ የክፍሉን አየር ይለውጠዋል።

ይሉኝታ እዚህ ላይ ትልቅ ጠላት ነው። «አስቸገርናችሁ»፣ «እናንተ ታውቃላችሁ»፣ «የሰጣችሁን ይበቃናል» የሚሉት አነጋገሮች በአገራችን ወግ ትሕትና ናቸው። እዚያ ግን «ቤተሰቡ አልጠየቀም» ተብለው ይጻፋሉ። ስለዚህ ጥያቄያችሁን አስቀድማችሁ በቁጥር ጻፉ። «እርዱን» አይበቃም። «በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት የሚጠብቅልን ሰው፣ ከዚህ ወር ጀምሮ» ይባል።

ስምምነት ላይ ካልተደረሰ ሌላ ስብሰባ በ15 ቀን ውስጥ ይጠራል እንጂ ነገሩ በዚያው አያበቃም። የተስማማችሁበትን ፈርማችሁ ያልተስማማችሁበትን መለየት ትችላላችሁ፤ አንዱን መቃወም ሌላውን አያስቀርም። ያልገባችሁን ወረቀት በዚያው ዕለት እንድትፈርሙ የሚያስገድድ ሕግ የለም። ስትወጡም የተስማማችሁበት ዝርዝር በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

አገልግሎት ቢከለከል ወይም ቢቀነስ በጽሑፍ ማስታወቂያ ሊደርሳችሁ ይገባል። ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ 60 ቀን ይግባኝ የማለት መብት አላችሁ። የነበረው አገልግሎት ሳይቋረጥ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ግን ይግባኙ ለውጡ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊትና በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። «ዲሴቢሊቲ ራይትስ ካሊፎርኒያ» የተባለው ድርጅት ለሪጅናል ሴንተር ተገልጋዮች በነፃ የሚሟገቱ ሠራተኞች አሉት። ይግባኝ ማለት ጠብ አይደለም፤ ማንም ቂም አይዝባችሁም። ከአገራችን ቢሮ የለመድነውን ፍርሃት ይዘን እዚህ መኖር የለብንም።

18 ዓመት ሲሞላ

ልጅ 18 ሲሞላው በሕግ ፊት ትልቅ ሰው ነው። ዕቅዱም ስብሰባውም የእሱ ይሆናል። ብዙ ወላጅ ደንግጦ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚትነት ያወጣል። እሱ ብቻውን መንገድ አይደለም፤ ካሊፎርኒያ ከ2023 ጀምሮ ሰውየው መብቱን ሳይነጠቅ በሚያምናቸው ሰዎች እየተደገፈ የሚወስንበትን አሠራር በሕግ አውቃለች። ለ«ኤስ ኤስ አይ» ሲያመለክትም ከ18 ዓመት በኋላ የወላጅ ገቢ አይቆጠርበትም። ነገር ግን ልጁ በስሙ ከ2,000 ዶላር በላይ ከያዘ ድጎማው ይቋረጣል። ዕቁብ ደርሶን በልጁ ስም ባንክ የምናስቀምጥ ወገኖች፣ በፍቅር የሠራነው ነገር እንጀራውን ሊያቋርጥበት ይችላል። ለዚህ «ካል ኤብል» የሚባል ልዩ የቁጠባ ሒሳብ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ አለ። ትምህርት ቤትም በ22 ዓመት ያበቃል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ሥራ ወይም ፕሮግራም አስቀድሞ ካልታቀደ ልጁ ወደ ሶፋው ይመለሳል፤ ወላጅ ደግሞ ያረጃል። «እኛ ስንሞትስ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚጀምረው ከዚህ ስብሰባ ነው።

የማኅበረሰባችን ዕዳ

እኛ መደራጀት የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። በ2007 ኤች አር 2003 የተባለው ረቂቅ በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት እንዲያልፍ፣ በ2018ም ውሳኔ ቁጥር 128 እንዲያልፍ የየምክር ቤት አባሉን ቢሮ በስልክ ያጨናነቅን፣ ሥራ ጥለን ዋሽንግተን የተመላለስን ሰዎች ነን። ያንን ሁሉ ያደረገ ወገን የገዛ ልጁ ዕቅድ ላይ ባዶ እጁን ገብቶ «ደህና ነው» ብሎ መውጣቱ ያሳዝናል።

ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች በሚኒያፖሊስ ምን እንዳደረጉ እንመልከት። ልጆቻቸው በኦቲዝም እየተያዙ መሆኑን እናቶች አደባባይ ወጥተው ተናገሩ፤ ጥናት ይደረግ አሉ። በ2013 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ውጤቱን አወጣ፤ ከ32 የሶማሌ ልጆች አንዱ፣ ከ36 ነጮች አንዱ። እናቶቹ ስለጮኹ ተቆጠሩ። ካሊፎርኒያም ሪጅናል ሴንተሮች ገንዘባቸውን በየዘሩና በየቋንቋው ለማን እንዳወጡ በየዓመቱ እንዲያሳውቁ በሕግ ታስገድዳለች። በዚያ ሰንጠረዥ ላይ እንድንታይ ከፈለግን ግን መጀመሪያ በሩን ማንኳኳት አለብን።

የራሳችንም አርአያ አለን። ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ስደት ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ሳይደብቁ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እስከሞቱበት እስከ 2021 ድረስ ልጅን በቤት መደበቅ እንዲቀር በየመድረኩ ተናገሩ። እሳቸው ሕግ በማይደግፍበት አገር አፋቸውን ከከፈቱ፣ ሕግ ከጎናችን በቆመበት አገር ዝም የምንልበት ምክንያት ምንድን ነው? በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየኮሙኒቲው አንድ ክፍል፣ ሁለት እንግሊዝኛ የሚያነቡ ወጣቶችና በወር አንድ ቅዳሜ ቢገኝ ብዙ ቤት ይድናል። ጠበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፤ ከዕቅዱ ጋር የሚጣላ ነገር የለውም።

ስብሰባው ከመድረሱ በፊት ባለው ምሽት እናትን አንድ የመጨረሻ ነገር ጠየቅኋቸው። «ልጁስ ምን ይፈልጋል?» ለአፍታ ዝም አሉ። ለአሥራ ሰባት ዓመት ማንም ያልጠየቃቸው ጥያቄ ነበር። ስልካቸውን ከፍተው የተለያዩ ፎቶዎች ፊቱ አደረጉ፤ መዋኛ፣ መናፈሻ፣ ምግብ ቤት፣ ባቡር። ልጁ ጣቱን ባቡሩ ላይ አሳረፈ። እናት አነሡት፤ መልሶ አሳረፈ።

አዲሱ ዕቅድ ተጽፏል። የጠየቁት ሁሉ አልተፈቀደም፤ የተከለከለው በጽሑፍ እጃቸው ላይ ነው፤ ይግባኙም ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ገብቷል። የእረፍት ሰዓት ግን አግኝተዋል። የመጀመሪያው ገጽ አሁን «ሌሊት አይተኛም፤ ብቻውን ሊተው አይችልም» ይላል። ከዓላማዎቹ አንዱ ደግሞ ከዳብሊን/ፕሌዘንተን ጣቢያ ተነሥቶ ከረዳት ጋር በሳምንት አንድ ቀን በባርት መጓዝ የሚል ነው። እናት ወረቀቱን ከመፈረማቸው በፊት በአማርኛ ከአንደኛው ገጽ እስከ መጨረሻው ተነበበላቸው። ሲያበቃ «አዎ፣ ይሄ የኔ ልጅ ነው» አሉ።

ቸር ይግጠመን።